ከላይ የሚወርድ ኳስ

በከተማችን ስለ አዲስ ገቢ ተጫዋች ነቢይ ያልሆነ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ካሉት ጁስ ቤቶች በአንዱ ብትቀመጡ፣ ስልካቸውን ከብርጭቆ ጋር አስደግፈው የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ የሚያዩ ጎረምሶች ዘንድሮ ከጀማሪዎቹ ማን እንደሚያበራና ማን እንደሚጠፋ ሲከራከሩ ትሰማላችሁ። አንዱ ቁመት ያነሳል፣ ሌላው የእጅ ርዝመት፣ ሌላው ደግሞ "ዐይኑን እየው፣ የተራበ ዐይን ነው" ይላል። እኔ ማንጎዬን እየጠጣሁ ዝም እላለሁ። የአሜሪካን ጀማሪ መተንበይ ቀላል ነው፤ ቢሳሳቱ የሚጠይቃቸው የለም። የኔ ሥራ ግን እዚሁ ነው። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደሞዝ ሊጫወቱ ከሚመጡት ልጆች መካከል የትኛዋ ዓመቱን እንደምትዘልቅ አስቀድሜ መናገር ይጠበቅብኛል። የተሳሳትኩባትን ልጅ ደግሞ በማግስቱ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስትመርጥ አገኛታለሁ። ባሕር ዳር ሰፊ መስላ የምትታየው ለእንግዳ ብቻ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። እኔም ጀማሪ ነበርኩ። አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ከደቡብ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ያደግኩትም ከሠራተኞች መኖሪያ አጠገብ በነበረ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ኳስ ስወረውር እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር፤ እኔም ጭብጨባውን አምኜ አደግኩ። የከተማችን ክለብ ገብቼ የመጀመሪያውን ዓመት ውድድር አዲስ አበባ፣ አዳራሽ ውስጥ ስጫወት ግን ኳሱ እምቢ አለኝ። ቀለበቱን እየመታ ይመለሳል። ሳስተካክል ይመለሳል፣ ስናደድ ይመለሳል፣ ስጸልይም ይመለሳል። ዓመቱ ሲያልቅ አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠሩኝና፣ በክፋት ሳይሆን ከልባቸው እያዘኑ፣ "እጅ አለሽ ልጄ፤ ልብ ነው የጎደለሽ" አሉኝ።

ያንን ቃል ብዙ ዓመት ይዤው ዞርኩ። ሥራ ለመቀጠር ፈተና ስቀመጥ፣ ሰው በድሎኝ መልስ ሲያጥረኝ፣ ልጄ ታማ ሐኪም ቤት በር ላይ ስቆም፣ "ልብ የለሽማ" እላለሁ ለራሴ። ሰው እንደዚህ ያለ ነገር ሲነገረው ኳስ ላይ ብቻ አይቀርም። ቤት ድረስ ይከተላል።

እኒያ አሰልጣኝ ዛሬም የቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ናቸው። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ምክትላቸው እንድሆን የጠሩኝም እሳቸው ናቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ይህንን ቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምለው ሐሜት እንዳይመስል ነው።

ምክትል ሆኜ የተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ ላይ መቀመጥ ስጀምር ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። በየዓመቱ በከተማችን ሜዳ አንደኛ የተባሉት ልጆች አዳራሽ ሲገቡ ልክ እንደኔ ይሆናሉ። በየዓመቱም ያችው ቃል ትነገራቸዋለች። አንዷ ልብ ቢጎድላት እሺ፤ ግን የአንድ ከተማ ልጆች በሙሉ እንዴት ልብ ይጎድላቸዋል? እልህ ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ማየት ትቼ ኳሱን ማየት ጀመርኩ።

ነገሩ ነፋሱ ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ጭጭ ይላል። ከሰዓት ሲሆን ግን ነፋሱ ከውኃው ላይ ይነሳና ዘንባባውን እያወዛወዘ ከተማው ውስጥ ይገባል። ሜዳዎቻችን ጣሪያ የላቸውም። ልጆቻችን የሚጫወቱት ደግሞ ከትምህርት በኋላ፣ ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት ነው። ከፍ አድርጋ የወረወረች ልጅ ኳሷን ሌላ ሰፈር ሄዳ ትለቅማለች። ስለዚህ ማንም ሳያስተምራቸው ዝቅ አድርገው፣ አጥብቀው፣ ቀጥ አድርገው መወርወር ይለምዳሉ። ቀለበቶቻችንም ያግዟቸዋል፤ ጎረምሳ ሁሉ እየተንጠለጠለባቸው ላልተዋልና፣ የመታቸውን ኳስ ትንሽ ያንገዋልሉትና ይውጡታል። አዳራሽ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ቀለበቱ ግን ጠንካራ ነው፣ ተከላካዮቹም ረጃጅም ናቸው። ዝቅ ብሎ የመጣውን ኳስ ወይ እጅ ይቀልበዋል፣ ወይ ብረት ይመልሰዋል። ከላይ የሚወርድ ኳስ ብቻ ነው ቀለበቱን ሰፊ ሆኖ የሚያገኘው።

ይህንን ለአሰልጣኙ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ነፋስማ ለሁሉም እኩል ነው የሚነፍስ" አሉኝ።

"የአዲሶቹን ሙከራ ጠዋት እናድርገው ጋሼ። ሐይቁ ሳይነሳ።"

"ጠዋት ማን ይመጣል? ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ቢሮ። ያለ ሰው ሙከራ አይሆንም። ልጅ የምትለየው ሰው ፊት ስትቆም ነው።"

እውነታቸውን ነው፤ የኛ ከተማ ሙከራ እንደ ሠርግ ነው። ባጃጆች ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ይሰለፋሉ፣ ቆሎና ሸንኮራ የሚሸጡ ይመጣሉ፣ ከፋብሪካ የወጣው ሠራተኛ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ አጥሩን ይይዛል። ኳስ በገባ ቁጥር ይጨበጨባል፣ በሳተ ቁጥር ይሳቃል። አሰልጣኙ ጭብጨባ ሰምቼ ነው የምመርጥ ብለው አያውቁም። ግን ጆሮ ያለው ሰው ነው የሚመርጠው፤ ጆሮ ደግሞ አይዘጋም።

በዚያ ዓመት ሙከራ ላይ ሁለት ልጆች ዐይኔን ያዙት። አንዷ የፋሲሎ ሰፈር ልጅ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጇም አፏም የማያርፍ። ሰፈሯ በሙሉ ተከትሏት መጥቷል። ኳሱን ዝቅ አድርጋ፣ ከደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ትለቀዋለች፤ ቀለበቱ ይንገዋለላል፣ ኳሱን ይውጠዋል፣ ሜዳው ይናጋል። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ አላጨበጨብኩም። ራሴን ነበር የማየው።

ሌላዋ ከወረታ የመጣች የሩዝ ነጋዴ ልጅ ናት። ሂጃቧን አገጯ ሥር አጥብቃ፣ ከማሊያው ሥር ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ መሬት መሬት እያየች ገባች። የመጀመሪያ ኳሷን ስትወረውር ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ። ኳሱ ወጣ፣ አሁንም ወጣ፣ እላይ ነፋሱ ተቀበለውና ቀለበቱ ከተሰቀለበት ሰሌዳ ጀርባ አሳልፎ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ጣለው። ሜዳው በሳቅ ሞተ። የሚቀጥለውም እንደዚያው ሆነ። "ለጣና ዓሣ ነው እንዴ የምትወረውረው?" አለ አንዱ ከአጥሩ ሥር። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ከዚያ በኋላ ግን ኳስ ስትይዝ ለሌላ ሰው ማቀበል ብቻ ሆነ ሥራዋ።

አሰልጣኙ "አመስግነሽ ሸኛት" አሉኝ። ጫማዋን ፌስታል ውስጥ ስትከት ደረስኩባት።

"እንዲህ ከፍ አድርገሽ እንድትወረውሪ ማን አስተማረሽ?"

"ማንም አላስተማረኝም። መኪናው ነው።"

"የምን መኪና?"

"ያባቴ የሩዝ መኪና። ግቢያችን ጠባብ ናት። ቀለበቱን ወንድሜ ግድግዳው ላይ ሰቀለልኝ፤ መኪናው ደግሞ መኻል ላይ ነው እሚቆመው። በላዩ ካላሳለፍሁት ኳሱ ጆንያውን ይመታል። ጆንያውን ከመታሁ አባቴ ይቆጡኛል።"

 በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወረታ ወረድኩ።

ግቢው እንዳለችው ጠባብ ነው፤ በአራቱም በኩል ግንብ ስለከበበው ነፋስ አይገባበትም። የጭነት መኪናው ሩዝ እንደጫነ መኻል ላይ ቆሟል። ልጅቷ ከመኪናው ወዲህ ቆመች፤ ቀለበቱ ከወዲያ ስለሆነ አይታያትም። ወረወረች። ኳሱ ከጆንያዎቹ አናት በላይ አለፈና ከዐይናችን ጠፋ። ከዚያ መረቡ ሹክ አለ። ደግማ ወረወረች። ሹክ። እኔ ከወዲያ ዞሬ ቆምኩና ኳሱ እንዴት እንደሚወርድ አየሁ። ከሰማይ እንደተላከ ቀጥ ብሎ ነበር የሚወርደው። በሕይወቴ እንደዚያ የሚወርድ ኳስ ከባሕር ዳር ልጅ እጅ አይቼ አላውቅም።

አባቷ የመኪናውን ቁልፍ ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ በረንዳው ላይ ሆነው ያዩናል። ሐጂ ናቸው፣ ቁጥብ ሰው።

"ዓመት ሰጥቻታለሁ" አሉኝ። "ዓመቱን ከዘለቀች ኳሷን ትያዝ። ካልዘለቀች ሱቁ ይጠብቃታል። እርስዎ ትዘልቃለች ይላሉ?"

"ትዘልቃለች ሐጂ።"

"በምን ያውቃሉ?"

"በመኪናዎ" አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

አሰልጣኙ ዘንድ ስመለስ ሙጭጭ አልኩ። የወረታዋን እንያዛት፣ የፋሲሎዋ ደግሞ አዳራሽ ስትገባ ኳሷ ስለማይገባላት ካሁኑ ከፍ አድርጋ መወርወር ትለማመድ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ከተማውን ያስጨበጨበችው አትሆንም፣ ባጃጅ የመታችው ትሆናለች ነው የምትይኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እሺ፤ ሁለቱንም እንያዝ። የውድድሩ የመጀመሪያ ዙር ሲያልቅ ግን ያልሆነችው ትሄዳለች። የወረታዋ ካልሆነች ደግሞ አንቺ ሁለተኛ ስለ አዲስ ገቢ አታወሪኝም።"

እሺ አልኩ። ለፋሲሎዋ ልጅም ነገርኳት። ሰፈርተኛ እንደመሆኗ አንቺ ነው የምትለኝ፤ "ኮች፣ እየገባልኝ ያለውን ኳስ ምን ቆርጦኝ ላበላሸው?" ብላ ሳቀችብኝ። ልፈርድባት አልችልም። በሷ ዕድሜ እኔንም ማንም አያሳምነኝም ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ሲጀመር አዲስ አበባ ገባን። የመጀመሪያ ጨዋታችን ዕለት የፋሲሎዋ ልጅ ገና ከመግባቷ ወረወረች። ብረት። ደገመች፤ አንዲት ረጅም ተከላካይ ከአየር ላይ እንደ ማንጎ ቀጠፈችባት። ልጅቷ እጇን አየችው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሰው የገዛ እጁ ሲከዳው የሚያየው ነው።

የወረታዋ ደግሞ ጭራሽ አልወረወረችም። ባዶ ቦታ ላይ ኳስ ይደርሳታል፣ ታቀብላለች። ከቀለበቱ ሥር ትቆማለች፣ ታቀብላለች። ከወንበሬ ተነስቼ "ወርውሪ" እላለሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። አሰልጣኙ ወደኔ ጠጋ ብለው "ያንቺዋ እጅ የላትም እንዴ?" አሉኝ። በሚቀጥለውም ጨዋታ እንደዚያው ሆነ። ተናደድኩ። ለልጅቷም ለራሴም ፈራሁ፤ ወረታ ላይ የሚጠብቃት ሱቅ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ማታ እራት ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ለምንድን ነው የማትወረውሪው?"

"እፈራለሁ።"

"ሰዉን?"

"ነፋሱን።"

ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት። "እዚህ እኮ ነፋስ የለም። አዳራሽ ነው፣ ጣሪያ አለው።"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ ኮች። እጄ ግን አያውቀውም። ባሕር ዳር የተሳቀብኝ ጊዜ እጄ ፈራ፤ ከዚያ ወዲህ ኳስ ስይዝ የሚወስድብኝ ይመስለኛል።"

በማግስቱ ጠዋት የአዳራሹን ጥበቃ ለምኜ፣ ሰው ሳይመጣ ይዣት ገባሁ። ከነጠላዬ ጫፍ አንድ ረጅም ክር መዘዝኩና ሰጠኋት። "ሂጂ፣ ቀለበቱ ሥር ቆመሽ ወደ ላይ ያዢው" አልኳት። ያዘችው። ክሩ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ፤ አልተነቃነቀም። ብዙ ቆየች፣ ክሩን እያየች። ከዚያ ሳላዛት ወደ ወዲያኛው ቀለበት ሄደች፤ እዚያም ያዘችው። ወደ መኻል መጣች፤ ሦስት ነጥብ የሚወረወርበት መሥመር ላይ ቆማ እዚያም ሞከረችው። ቤት ልትከራይ የመጣች ሰው ክፍል በክፍል እንደምታየው አዳራሹን በሙሉ አየችው። ሲበቃት ክሩን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ኳስ አነሳች።

ያ የመረብ ሹክታ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲሰማ እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። አለቀስኩ፤ እንዳታየኝ ዞር ብዬ ነው ያለቀስኩት።

በዚያ ቀን ጨዋታ ወረወረች። ኳሱ ከተከላካዮቹ እጅ በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ቀለበቱ ላይ ይወርዳል። ሁሉም አልገባም፤ ሁሉንም ጨዋታ አላሸነፍንም። ዙሩ ሲያልቅ ግን የሌላ ቡድን አሰልጣኞች "ይህችን ከየት አመጣችኋት?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሐጂ ስልክ ሲደውሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አለች?" ይሉኛል። "አለች ሐጂ" እላቸዋለሁ። ይዘጉታል።

እንግዲህ ትንቢቴ ሰመረ። በሁለቱም ላይ ሰመረ፤ ደስታው ያልቆየልኝም ለዚህ ነው። የወረታዋ ሲጨበጨብላት የፋሲሎዋ ልጅ ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ ከጎኔ ተቀምጣለች። አፏ ያንን ሁሉ ወሬ ትቶ ዝም ብሏል። ምግብ አትበላም። ኳስ ሲሰጧት እጇ ላይ እሳት እንደወደቀባት ቶሎ ትለቀዋለች።

ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ አሰልጣኙ ያረፍንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ሻይ እየጠጡ ጠሩኝ።

"ያቺን ልጅ እንሸኛት። ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ አንቺ ታውቂበታለሽ። እጅ አላት፤ ልብ ነው የጎደላት።"

የኔም ሻይ እጄ ላይ ነበር፤ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ ይህንን ቃል አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።"

"ከማን?"

"ከርስዎ።"

"ለማን ብዬው?"

"ለኔ።"

ረስተውታል። ፊታቸው ላይ አየሁት፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጨርሶ ረስተውታል። ስንት ዓመት ደረቴ ላይ ተሸክሜው የዞርኩት ነገር እሳቸው ዘንድ ተናግረው የተነሱት ወሬ ነበር። መጀመሪያ ተቃጠልኩ፤ ከዚያ ደግሞ የሆነ ነገር ቀለለኝ። ሻያቸውን ማማሰል ቀጠሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"አንቺው አይደለሽም እንዴ አትሆንም ያልሽኝ?" አሉ ኋላ፣ ቀስ ብለው።

"ኳሷ አይገባም ነው ያልሁ። ትሂድ አላልሁም።"

"ዙሩ ሲያልቅ ያልሆነችው ትሄዳለች ተባብለናል።"

"ተባብለናል። አሁን ደግሞ እምቢ እያልሁዎት ነው። ልብ ጎድሏት አይደለም፤ ያደገችበት ነፋስ ነው። የሷን ልብ የምናውቀው ኳሷ ከላይ ሲወርድ ነው። እሷ በዚያ ቃል ከተሸኘች ጋሼ፣ እኔም አብሬያት ነው የምሄድ።"

እንደዚያ አድርጌ ተናግሬያቸው አላውቅም።  ተነስተው ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና፣ "ሁለተኛው ዙር እስኪጀመር ያለው ጊዜ ያንቺ ነው" ብለውኝ ገቡ።

ባሕር ዳር እንደገባን ሐጂ ዘንድ ደወልኩ።

"መኪናዎን ሩዝ እንደጫነ ጠዋት ሜዳችን ላይ እንዲያቆሙልኝ ፈልጌ ነበር።"

"ሜዳ? የኳሱ ሜዳ ላይ?"

"አዎ ሐጂ። ከቀለበቱ ፊት ለፊት።"

"መኪናዬን ለሠርግ ለምነውኛል፤ ለለቅሶም ለምነውኛል" አሉ። "ለኳስ ገና ዛሬ ነው። ይሁን፣ ገበያው ሳይከፈት እመጣለሁ።"

መጡም። ሐይቁ እንደ ልማዱ ጠዋት ላይ ጭጭ ብሏል፤ ከወደቡ በኩል የጀልባ ሞተር ድምፅ ብቻ ይሰማል። መኪናው ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ በሜዳው በር ገባና የፋሲሎዋ ልጅ በምትወረውርበትና በቀለበቱ መካከል ቆመ። ሐጂ ከጋቢናው ወርደው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በዐይናቸው ቃኟቸው። የወረታዋ ልጅ ከመኪናው ወዲያ፣ ቀለበቱ ሥር ሄዳ ቆመች፤ ኳሱ የት እንደወደቀ የምትነግረን እሷ ናት።

የፋሲሎዋ ልጅ እጆቿን አጣምራ መኪናውን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

"ታውቂ ነበር" አለችኝ። "እንደምወድቅ ታውቂ ነበር አይደል? ቁጭ ብለሽ ስትጠብቂ ነበር።"

"ነግሬሽ ነበር እኮ። ሳቅሽብኝ።"

"ነገርሽኝ። አላሳየሽኝም።" ኳሱን ከመሬት አነሳች። "ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ ያንቺን ወሬ ብቻ እንዴት ልመን? አሁንስ ምን ልሁን ነው? ይኸው መኪና አቆምሽብኝ። አንቺ ራስሽ ትችይዋለሽ?"

ኳሱን ወረወረችልኝ። ደረቴ ላይ ተቀበልኩት።

እውነቱን ለመናገር በላዩ አሳልፌ ወርውሬ አላውቅም ነበር። ስለ ከፍታ ስንት ዓመት ሳወራ፣ ልጆችን ስመክር፣ አሰልጣኙን ስነዘንዝ፣ እጄ ግን ያው የድሮው እጄ ነው። ከተጫወትኩ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ እንኳ ያጉረመርማል። መኪናው ፊቴ እንደ ግንብ ተገትሯል። ወረወርኩ። ኳሱ የሚያውቀውን መንገድ ሄደ፤ ቀጥ፣ ዝቅ፣ ድው። ጆንያው አቧራውን አራገፈ።

"ሩዙን ኧረ" አሉ ሐጂ።

የፋሲሎዋ ልጅ ሳትወድ በግድ ሳቀች። ኳሱን አመጣችልኝ። ደግሜ ጆንያውን መታሁት። ሰለሰች፤ ደግሜ መታሁት። ጀርባዬን አላበኝ። "በቃ ተይው ኮች" አለችኝ፣ አሁን በቁጣ አልነበረም። አልተውኩትም። ልብ የለሽም ተብዬ የኖርኩበት ዓመት ሁሉ እጄ ላይ መጣ፤ ዛሬ ይህ ኳስ መኪናውን ሳያልፍ ከዚህ ሜዳ አልወጣም አልኩ። ክርኔን አነሳሁ፣ ጉልበቴን እያመመኝ አጠፍኩ፣ ዐይኔን ከጆንያው ላይ ነቅዬ ሰማዩን አየሁና ወደ ሰማዩ ለቀቅኩት።

ኳሱ ወጣ። የላይኛውን ጆንያ ጫፍ አለፈና ከዐይኔ ጠፋ። ከወዲያ በኩል ብረት ሲነካ ተሰማ፤ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ሲነጥር።

"ገባ?" ብዬ ጠየቅኩ።

የወረታዋ ልጅ እውነት ተናጋሪ ናት፤ ልታስደስተኝ ብላ አትዋሽም።

"አልገባም ኮች" አለች ከመኪናው ጀርባ። "ግን ከላይ ነው የወረደው።"

ኳሱ በመኪናው ሥር አልፎ ወደ በሩ ተንከባለለ። አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ኮታቸውን እንደ ልማዳቸው ትከሻቸው ላይ ጥለው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ኳሱን በእግራቸው አቆሙት፣ ጎንበስ ብለው አነሱት፣ አቧራውን በሱሪያቸው ጠረጉት። የፋሲሎዋ ልጅ ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን አልፈዋት መጡና ኳሱን እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት።

"ድገሚው" አሉኝ። "ከዚያ እሷ ትወርውር። ሁለተኛው ዙር ደርሷል።"

ደገምኩት።